ኬፑን ያመመው የትኛው ነው?

ሉሴያኔ ጸጉሯ የሸበተው ፖም ስትሸጥ ነው። በደሴት አገሯ ዋና ከተማ፣ በኑኩአሎፋ ገበያ ውስጥ፣ ወደ ባሕሩ በሚያወጣው በር አጠገብ፣ ያቺው አንዲት ጠረጴዛ ነበረቻት። መርከቡ ከኒውዚላንድ በገባ ቁጥር ካርቶኖቿን ከጅምላ ነጋዴው ትረከብና ፖሙን አንድ በአንድ በቀሚሷ እጅጌ እየወለወለች ትቆልለዋለች። እሷ የወለወለችው ፖም ፊት ያሳያል ይባልላት ነበር። ብርቱካንም ወይንም ትሸጣለች፤ ሰው ግን የሚጠራት "እማማ ፖም" እያለ ነው። ግዙፍ ሴት ናት፤ ስትስቅ ጠረጴዛው አብሯት ይነቃነቃል። የስኳር በሽታ አለባት፤ ስለ በሽታዋ ግን ማውራት አትወድም። ስለ ፖሟ ከሆነ እስኪመሽ ታወራለች።

አጠገቧ ቪካ ትቀመጣለች። ቪካ የምትሸጠው የአገር ምርት ነው፦ ጎደሬ፣ ካሳቫ፣ ቲማቲም። ሁለቱ ከጧት እስከ ማታ ሲነካከሱ ይውላሉ። ያልተነካከሱ ቀን አንዳቸውን አሟቸዋል ማለት ነው።

"ያንቺ ፖም እኮ ከኔ የበለጠ አገር አይቷል" ትላለች ቪካ።

"ያንቺ ጎደሬ ደግሞ ከነአፈሩ ነው የሚመዘነው" ትመልሳለች ሉሴያኔ።

እንዲህ ባለ ሰላም ሲኖሩ፣ የገና በዓል ሲቃረብ የሉሴያኔ ወንድም የሆነው የገበሬው የሶሳያ ልጅ ሴይኒ ከምትኖርበት ከኒውዚላንድ ከተማ ከኦክላንድ መጣች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። በአገሩ ወግ የአባት እህት እንደ ዋዛ የምትታይ ሰው አይደለችምና፣ ሴይኒ ሻንጣዋን አባቷ ቤት ከጣለች በኋላ የመጀመሪያ ጉዞዋ ወደ አክስቷ ጠረጴዛ ሆነ። ሉሴያኔ አቅፋት፣ ስማት፣ ሆዷን ዳሳ ስትጨርስ፣ ከቁልሉ አናት ቀዩን ፖም አንስታ በእጅጌዋ ወለወለችና ሰጠቻት። ሴይኒ በሁለት እጇ ተቀበለች። ግን አልነከሰችውም።

"ብዪ እንጂ!"

"እበላለሁ አክስቴ። ቢላ ይኖርዎታል?"

"የምን ቢላ? ጥርስሽን ኦክላንድ ጥለሽው መጣሽ?"

ሴይኒ ዙሪያዋን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ነፍሰ ጡሮች ተሰብስበን ስንማር የነገሩን ነገር አለ። ፖሙ ገና ዛፉ ላይ ሳለ ትል እንዳይበላው መድኃኒት ይረጩበታል። አንዴ አይደለም፣ ደጋግመው ነው። ወደ መርከብ ሲጫን ደግሞ እንዳይበሰብስ ሌላ ነገር ይቀቡታል። የሚያብለጨልጨው እሱ ነው አሉን።"

"የሚያብለጨልጨውማ እኔ ወልውዬው ነው!"

"እሱም ይሆናል አክስቴ። ግን ለጽንስ ጥሩ አይደለም ይላሉ።"

ቪካ ጆሮዋ ከጎደሬው ላይ ተነስቶ እነሱ ጋ ደርሷል። "መርዝ ነው ማለትሽ ነው?" አለች።

"መርዝ አላልኩም።"

"ታዲያ ምን አልሽ?"

ሴይኒ ፖሙን እያገላበጠች አየችው። "እኔ እንጃ። አጥባችሁ ወይም ልጣችሁ ብሉ ነው ያሉን። አቅም ያለው ያልተረጨውን ይገዛል።"

"እኛ ጋ የሚላከውስ የትኛው ነው?" አለች ሉሴያኔ።

ሴይኒ ፖሙን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ አክስቷን ስማ ሄደች። ሉሴያኔ ከዚያ በኋላ ፖም ስትወለውል እጅጌዋን ማየት ጀመረች። ምን እንደምትፈልግ ግን አታውቅም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ኬፑ መጣ እንጂ።

ኬፑ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መካከልም እንደሱ ወፍራም ድምፅ ያለው የለም። በሥራ ቀን ሁሉ ጧት አውቶቡሱን በር ላይ ያቆምና ከሉሴያኔ አንድ ፖም ያነሳል። ሳይጠርግ፣ ሳያይ፣ ከነፍሬው ግምጥ ግምጥ አድርጎ ይበላውና የፖሙን ቀጭን እንጨት ብቻ ለቪካ ይወረውርላታል። "ትከዪው፣ ያበቅልልሻል!" ይላታል። ያን ቀንም እንዲሁ አደረገ፣ ቪካም እንደ ልማዷ ሰደበችው።

ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ አውቶቡሱን መንገድ ዳር አቁሞ ወረደና ያስመልሰው ጀመር። ላቡ ተንቆረቆረ፤ ምራቁ አልቆም አለ። "ዓይኔ ጨለመ" ሲል ተሳፋሪዎቹ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት። ሐኪሟ ዓይኑን ገልጣ ስታይ ብሌኑ ጠቦ የመርፌ ጫፍ አክሏል። "ምን በላህ?" አለችው።

"ፖም" አለ ኬፑ።

ወሬው ከአውቶቡሱ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። መጀመሪያ "ኬፑ ታመመ" ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ "ኬፑን ፖም መረዘው" ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ "የሉሴያኔ ፖም ሰው ገደለ" ተባለ። ሟቹ አልጋው ላይ ተቀምጦ ውኃ እየጠየቀ ነበር፤ ወሬ ግን ይህን አይጠብቅም። ሲያልፉ ፖም የሚያነሱ ሴቶች አሁን ሲያልፉ ልጆቻቸውን ወደ ሌላው ጎን ይስቡ ጀመር። ቪካ እንኳ መቀለዷን ተወች፤ ሉሴያኔን ይበልጥ ያስፈራት ይኼ ነው።

በሁለተኛው ቀን ትዕግሥቷ አለቀ። ብድግ ብላ "እናንተ ሰዎች!" ብላ ጮኸች። ከቁልሉ አንድ ፖም አነሳችና ከነልጣጩ በላች። ሌላ አነሳች፣ እሱንም በላች። "ይኸው! ይኸው! ሞትኩ?" ሦስተኛውን ስትጨርስ ግንባሯን ላብ አጠመቀው። ፖሙ ነው? ፍርሃቱ ነው? ወይስ ስኳሯ ነው? ወንበሯን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። የከበባት ሰው ተበተነ።

"አሁን ደግሞ ባሰው" አለች ቪካ፣ ውኃ እያቀበለቻት።

ወደብ ላይ የሚገባውን ፍራፍሬ የሚፈትሽ አንድ ወጣት የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ነበር። ሉሴያኔ እናቱን ስለምታውቃት ልትጠይቀው ሄደች። ልጁ በአክብሮት ወንበር ሰጣት።

"አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። ፖሜ ላይ መርዝ አለ ወይስ የለም?"

"ይረጫል እማማ። ግን ልክ አለው። ከልኩ ያለፈ አይላክም። ተመርምሮ፣ ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው።"

"ስለዚህ የለም።"

"የለም አልልም። ትንሽ ትንሽ ይቀራል። በጣም ትንሽ። የማይጎዳ።"

"የማይጎዳ መርዝ?"

"እንደዚያ ሳይሆን…" ልጁ ጭንቅላቱን አከከ። "አሁን አንድ ሰው በየቀኑ ካርቶን ሙሉ ቢበላ ነው የሚያሰጋው።"

"እኔ እኮ ይኼን ሁሉ ዓመት በቀን ሦስት አራት እበላለሁ። ተደምሮ ስንት ካርቶን ይሆናል?"

"አይደመርም እማማ፤ ከሰውነት ይወጣል። አንዳንዱ ግን…" አለና አቆመ። "ይጠቡት። አጥበው ይሽጡት።"

ከዚያ ወደ ስኳር ክትትሏ ስትሄድ ነርሷን ጠየቀች። ነርሷ ደግሞ ተቆጣች። "ፍራፍሬ ተዉ ያለዎት ማነው? ሰው ፖም ትቶ ወደ ታሸገ የጣሳ ሥጋ እንዲመለስ ነው? ስኳሩ ነው የሚገድልዎት እንጂ ፖም አይደለም! ይብሉ!" አለቻትና፣ ሉሴያኔ ልትወጣ ስትል "ልጣጩን ግን ይላጡት" ብላ ጨመረች።

ሉሴያኔ በሳሙና አጠበች፤ ደንበኛ ተመልሶ መጥቶ "ፖምሽ አረፋ ያወጣል" አላት። በኮምጣጤ ብታጥበው ሸተተ። በባሕር ውኃ ስትዘፈዝፈው ደግሞ ጨው አውጥቶ ነጣ፣ የባሰ መርዝ መሰለ። ማታ ማታ ለእግዚአብሔር ስትነግረው እንኳ ምን ብላ እንደምትለምን ጠፋት። ፖሙን አጽዳልኝ ትበል? ወይስ ከጥፋቱ አጽዳኝ?

በመጨረሻ ኬፑን ልትጠይቀው ሆስፒታል ሄደች። ዕድሜዋን ሙሉ ለታመመ ሰው ይዛ የምትሄደው ፖም ነበር፤ አሁን ባዶ እጇን እንዳትሆን ዳቦና ኮኮናት ያዘች። ኬፑ ከስቷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው።

"ምነው እማማ፣ ፖም አላመጣሽልኝም?"

"አፍህን ዝጋ! በሰው ነፍስ ትቀልዳለህ?" ብላ አለቀሰች። ኬፑ ደንግጦ እጇን ያዘ። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ጠየቀችው። "ያን ቀን ሌላ ምን በልተሃል?"

"ምንም።"

"እስኪ ከእንቅልፍህ ስትነሳ ጀምር።"

"ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ ሶሳያ ጋ ሄድኩ፤ የቲማቲም ሣጥኖቹን ገበያ ለቪካ አድርስልኝ ብሎኝ ነበር። ጫንኩ። ከዚያ አንቺ ጋ መጣሁ፣ ፖም በላሁ።"

"ሶሳያ እርሻ ላይ ምንም አልቀመስክም?"

"ቲማቲም ነዋ! ጨው በኪሴ ይዤ ነው የሄድኩት። እዚያው ከተክሉ እየቀነጠስኩ ጠግቤ ነው የወጣሁት። ነጭ ነጭ ነገር ነበረበት፣ ጤዛ መስሎኝ በሸሚዜ ጠረግ እያደረግኩ…" ኬፑ መዳፉን ገልብጦ አየ።

"ለሐኪሟ ነግረሃታል?"

"ምን ብዬ? እሱማ የኛው ነው!" አለ ኬፑ፣ ከልቡ ተገርሞ። "እኔ ከውጭ የመጣ ነገር የጠየቀችኝ መስሎኝ።"

ሉሴያኔ እዚያው ሐኪሟን ፈልጋ፣ የእርሻውን ባለቤት ስም ሳትጠራ፣ ኬፑ ከተክል የተቀነጠሰ ቲማቲም መብላቱን ነገረቻት። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። "ምልክቱ የተባይ መድኃኒት የመረዘው ሰው ነው፤ እንደዚያ ብለን ነው ያከምነው። ቲማቲሙ ሊሆን ይችላል። እጁንና ሸሚዙን ነክቶትም ሊሆን ይችላል። ፖሙ ነው ለማለት ይከብደኛል፤ አይደለም ብዬም አልምልልሽም። የሚመረምር መሣሪያ እዚህ የለም፤ የበላውም አልቋል።" ሉሴያኔ ካርቶን የሚያህል ሸክም ከትከሻዋ ወርዶ ሌላው ሲጫንባት ተሰማት። ሶሳያ ታናሽ ወንድሟ ነው።

ወንድምና እህት እንደ ደሴቱ ወግ ተከባብረው፣ ተራርቀው ነው የኖሩት። አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም፣ አይቀላለዱም፣ አይወቃቀሱም። ሶሳያ በእህቱ ፊት "እምቢ" የሚል ቃል ወጥቶት አያውቅም። ሉሴያኔም ወንድሟን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃ አታውቅም። ለአክብሮት የሚታጠቁትን ሰሌን በወገቧ ታጥቃ፣ ወደ መንደሩ የሚሄደውን አውቶቡስ ይዛ ሄደች። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ቆይታ፣ ስትወርድ ሁሉም ጠፋት።

ሴይኒ በአባቷ ቤት በረንዳ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሆዷ ላይ ሳህን አስቀምጣ ቲማቲም በጨው ትበላለች።

"አስቀምጪው!" አለች ሉሴያኔ።

"ምኑን?"

"ቲማቲሙን።"

ሴይኒ ሳቀች። "አክስቴ፣ ይኼ እኮ የአባባ ነው። ከውጭ የመጣ አይደለም።"

"አስቀምጪ አልኩሽ!"

ሴይኒ ሳህኑን አስቀመጠች። ሶሳያ ድምፅ ሰምቶ ከጓሮ መጣ፤ እህቱን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ከደረጃው ሥር ቆመ። መሬት መሬት እያየ "እንኳን ደህና መጡ እህቴ" አለ። ከዚያ ሳህኑን አየና፣ ነገሩ የገባው መሰለው። "እሱ ችግር የለውም። ከጓሮ ነው። የጓሮውን አልረጨውም።"

ብሎ ሲጨርስ የተናገረውን ራሱ ሰማው። ባርኔጣውን በእጁ ያዞረው ጀመር። ሴይኒ አባቷንና አክስቷን እያፈራረቀች አየች።

"የእርሻውንስ?" አለች ሉሴያኔ፣ በቀስታ።

"የእርሻውን ካልረጨሁት ትሉ ምንም አያስተርፍልኝም። ለገና ገበያ ይድረስ ብዬ…"

"ኬፑ የመጣ ጊዜ፣ መቼ ነበር የረጨኸው?"

"ቀድሞ ባለው ማታ።"

"ጠብቅ አይልም ጠርሙሱ?"

"ጠርሙሱ ላይ ያለውን የባዕድ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው እዚህ መንደር የለም።" ከዚያም መሬቱን እያየ፣ "የሸጠልኝ ሰው ግን ጠብቅ ብሎኝ ነበር" አለ።

ሉሴያኔ ልትቆጣ ፈለገች፤ ወንድሟን የምትቆጣበት ቃል ግን አልነበራትም። ተምራውም አታውቅም። ለቤቱ ያልተረጨውን የለየ ሰው ለሰው ቤት ምን እንደሚልክ ያውቃል ማለት አይደለም? ደግሞ ይኼው ሰው ሌሎቹን ልጆቹን የሚያስተምረው በዚያ ቲማቲም ነው።

"ከእንግዲህ ትጠብቃለህ" አለች።

"እሺ እህቴ።"

እሺ አለ። ሶሳያ ለእህቱ ሁልጊዜም እሺ ነው የሚለው። ሉሴያኔ ወደ ከተማ ስትመለስ፣ ያ "እሺ" የእውነት ይሁን የአክብሮት መለየት አቃታት።

በማግስቱ ገበያ ስትደርስ ቪካ የሶሳያን ቲማቲም ከፊት ከፊት ደርድራዋለች። ኬፑ ካመጣው ጭነት ሳይበስል ቆይቶ የተረፈው ነው። ሉሴያኔ አንድ ቃል ብትናገር ስሟ ይጸዳል፤ የወንድሟ ስም ግን ይበላሻል። ዝም ብትል ደግሞ ሰው ይበላዋል። ቆማ ቆማ፣ "ቪካ፣ ቲማቲሙን ሁሉ እኔ እገዛለሁ" አለች።

"ሁሉን? ምን ልታደርጊበት?"

"ድግስ አለብኝ።"

"የምን ድግስ? ማንን ጠርተሽ? እኔን ሳትጠሪ?"

"ዝም ብለሽ ሽጪልኝ!"

ቤቷ ወስዳ ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው። ገና እጇን ሳትታጠብ፣ መርዙ ወደ ጎደሬዋ ሥር ቢሄድስ የሚል ሐሳብ መጣባት። ልታወጣው ስትመለስ የጎረቤት አሳማዎች ቀድመዋት ጉድጓዱን ፈንቅለው እያላመጡ ነው። በዱላ አባረረቻቸው፤ ግማሹን በልተዋል። ለባለቤቶቹ ምን እንደምትል እየተጨነቀች ቀኑን ሙሉ አጥር አጥር ስታይ ዋለች። አሳማዎቹ ምንም አልሆኑም። በነጋታውም፣ ከዚያም በኋላ፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ ያን ቦታ ሊምሱ ይመጡ ነበር። ሉሴያኔ በዚህ ደስ ይበላት ወይስ ይክፋት አላወቀችም። ጊዜ ስላለፈበት ነጽቶ ይሆን? ወይስ መጀመሪያውኑም ቲማቲሙ አልነበረም?

ኬፑ ድኖ ለገና ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፁ ሲሰማ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ ከዚያ ዞሮ ሉሴያኔን አየ። ገበያ ሲከፈት ኬፑ ራሱ መጥቶ፣ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ፣ "አንድ ፖም!" አለ። ሉሴያኔ በቢላ ላጠችለት። ፖሙን በላና ልጣጩን ከእጇ ነጥቆ እሱንም በላው። ደንበኞቿ ቀስ በቀስ ተመለሱ። ለምን እንደተመለሱ የነገራት የለም፤ ለምን እንደሄዱም በትክክል የነገራት አልነበረም። ሴይኒ ወደ ኦክላንድ ስትሸኝ አክስቷን አቅፋ "አክስቴ፣ ከአሁን ወዲያ ምን ልብላ?" አለቻት። ሉሴያኔ ሳመቻት።

ገናው ካለፈ ወዲያ አንድ ጧት ቪካ ሣጥን ከፍታ ትራገማለች። "እይልኝ እስኪ! የወንድምሽን ጉድ እይ! ትል የነደለውን ላከልኝ!"

ሉሴያኔ ጎንበስ ብላ አየች። አንዱ ቲማቲም ጎኑ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ከቀዳዳው ውስጥ ትንሽ አረንጓዴ ትል ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ ተመልሳ ገባች። ሉሴያኔ ሳቋ መጣ። ከሆዷ የመጣ ሳቅ ነበር፤ ጠረጴዛው ተነቃነቀ።

"ምን ያስቅሻል? እኔ ገበያዬ ሞቶ!"

"ስጪኝ፣ የተበላውን እኔ እወስዳለሁ።"

"አሁንስ አብደሻል።"

አጥባ፣ ትሏን አውጥታ፣ የቀረውን በላችው። ጣፈጣት። ጠብቋል ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ከዚያ ግን ሣጥኑን ደግማ ስታይ፣ ከሥር ያሉት ለስላሳ፣ ቀይ፣ አንድም ቀዳዳ የሌላቸው ናቸው። እነዚያን ትሉ ለምን እንደተዋቸው ወንድሟን መጠየቅ ፈለገች። አልጠየቀችም።

ለፖሟ የመጨረሻ ያገኘችው መላ ባልዲ ነው። ንጹሕ ውኃ ሞልታ ከጠረጴዛዋ አጠገብ አስቀመጠች፤ ለሚገዛት ሁሉ "እጠበው፣ እጠቢው" ትላለች። አንድ ቀን ከሌላ ደሴት የመጣች ሴት ፖም ገዛች።

"ንጹሕ ነው?" አለች።

"እኔ እንጃ" አለች ሉሴያኔ። "ውኃው ያውልሽ።"

ሴትዮዋ አመሰገነች። ፖሙን በብብቷ ያዘች፣ ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ባልዲው ውስጥ በደንብ አድርጋ ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች፣ ከዚያ ፖሙን ሳታጥበው ግምጥ አድርጋ ወደ ጀልባው ሄደች። ሉሴያኔ ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ ምን ብላ እንደምትጠራት ግን አላወቀችም።